የሴቶች የነበሩ አሮጌ የጉዞ ሰነዶችን ስለ ማሰባሰብና ስለ መጠበቅ፦ ለቤተሰቦችና ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ መረጃ

በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የእናት ወይም የአያት አሮጌ ፓስፖርት ከቤት ካርታ፣ ከጋብቻ ውልና ከፎቶግራፎች ጋር በአንድ ሳጥን ተቀምጦ ይገኛል። ባለሰነዷ ካረፈች በኋላ ቤተሰቡ ሰነዱን ማስቀመጥ፣ ለሌላ መስጠት ወይም መሸጥ ይፈቀድ እንደሆነ እርግጠኛ ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ይጥለዋል። በአንጻሩ አሮጌ ፓስፖርቶችን፣ የይለፍ ወረቀቶችንና ቪዛዎችን እንደ ቴምብርና እንደ ጥንታዊ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር አሉ። ይህ ጽሑፍ ሰነዱ በእጃቸው ለሚገኝ ቤተሰቦችና ሰነዱን ለሚሹ ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሴቶች የጉዞ ሰነድ ለብቻው ትኩረት የሚሻበትን ምክንያት፣ ሰነዱ እንዴት እንደሚነበብ፣ በሕግ ረገድ ሊጤኑ የሚገባቸውን ጉዳዮችና የአጠባበቅ ዘዴዎችን ያብራራል።

የጉዞ ሰነድ ሲባል

የጉዞ ሰነድ ፓስፖርት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሊሴ ፓሴ እየተባለ የሚጠራው ለአንድ ጉዞ የሚሰጥ የይለፍ ወረቀት፣ ለስደተኞች የሚሰጥ ሰነድ፣ የመውጫና የመግቢያ ቪዛ፣ ቢጫ ካርድ በመባል የሚታወቀው የክትባት ማስረጃ፣ የመርከብና የባቡር ቲኬት፣ እንዲሁም ፓስፖርት ለማውጣት የቀረበ ማመልከቻ ቅጂ ሁሉ በዚሁ ይጠቃለላሉ። ሰብሳቢዎች ዘወትር የሚሹት ማኅተም የበዛበትን ፓስፖርት ነው። ይሁን እንጂ ስለ አንዲት ሴት ሕይወት አብዝቶ የሚናገረው አንዳንድ ጊዜ በፓስፖርቱ ውስጥ ታጥፎ የተገኘው ተራ ወረቀት ስለሆነ፣ አብረው የተገኙ ሰነዶችን አለመነጣጠል የመጀመሪያው ጥንቃቄ ሊሆን ይገባል።

ፓስፖርት ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከጦርነቱ በፊት በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያለ ፓስፖርት መጓዝ ይቻል ነበር፤ የሚሰጠውም ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጠላ ወረቀት ነበር። የመንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1920 በፓሪስ ያካሄደው ጉባኤ ፓስፖርት 32 ገጽ ያለው ደብተር እንዲሆንና ቢያንስ በሁለት ቋንቋዎች፣ ማለትም በአገሩ ቋንቋና በፈረንሳይኛ፣ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በፊት የወጣ ሰነድ ደብተር ሳይሆን የታጠፈ ወረቀት ሆኖ ቢገኝ ጉድለት አይደለም።

የሴቷ ስም በሰነዱ ላይ የሚገኝበት ቦታ

የሴቶችን የጉዞ ሰነድ የሚሰበስብ ሰው በቅድሚያ ሊገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በብዙ አገሮች ባለትዳር ሴት የራሷ ፓስፖርት ሳይኖራት በባሏ ፓስፖርት ትጓዝ ነበር። በመሆኑም የእርሷ ሰነድ በእርሷ ስም ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። የሽያጭ መዝገቦች «የአንድ ነጋዴ ፓስፖርት» ብለው የሚያቀርቡት ደብተር ሲገለጥ የሁለት ሰዎች ሰነድ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

በብሪታኒያ ፓስፖርት ላይ መልክንና የትውልድ ቦታን የሚገልጸው ገጽ ለረጅም ዘመን ሁለት ዓምዶች ነበሩት፤ አንዱ «ባለሰነድ»፣ ሁለተኛው «ሚስት» የሚል ነበር። ፎቶግራፍም ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ተዘጋጅቶለታል። በአሜሪካ ፓስፖርት ደግሞ የባል ስም ከተጻፈ በኋላ «ከሚስቱ ጋር» የሚል ሐረግ ይከተላል፤ ከ1910ዎቹና ከ1920ዎቹ በተረፉ ሰነዶች ላይ ባል፣ ሚስትና ልጆች በአንድነት የተነሡት ፎቶግራፍ ተለጥፎ ይታያል። እንዲህ ባለው ሰነድ ባልየው ብቻውን መጓዝ ሲችል፣ ሚስትየው ግን ያለ እርሱ ድንበር መሻገር አትችልም ነበር። ሰብሳቢው የሚስት ዓምድ የተሞላበትን ፓስፖርት ሲያገኝ የሴትም ሰነድ እንደሆነ አድርጎ ሊመዘግበው ይገባል። ይህን አለማድረግ በዚህ ዘርፍ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያስከትል ነው፤ ምክንያቱም ሴቷ ከዚያ መስመር ውጭ ሌላ የጉዞ ማስረጃ ላይኖራት ይችላል።

ሁኔታው ያለ ክርክር አልተለወጠም። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ሩት ሄል በባላቸው ስም «ወይዘሮ ሄይውድ ብራውን» ተብሎ የተዘጋጀላቸውን ፓስፖርት አልቀበልም ብለው የውጭ አገር ጉዟቸውን ሰርዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተውና ሴቶች ካገቡም በኋላ በገዛ ስማቸው እንዲጠሩ የታገለው የሉሲ ስቶን ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዷ እርሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 ዶሪስ ፍላይሽማን ባለትዳር ሆነው ሳለ በራሳቸው ስም የአሜሪካን ፓስፖርት አግኝተዋል። ከዚያም በኋላ «የእገሌ ሚስት» የሚለው ማብራሪያ ወዲያው አልቀረም፤ እንዲቀር የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ በወቅቱ የፓስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሩት ሺፕሊ የተባሉ ሴት ነበሩ። ስለዚህ ከ1925 እስከ 1937 ባለው ጊዜ ውስጥ የወጣ የአሜሪካዊት ባለትዳር ፓስፖርት ስሟ በምን መልክ እንደተጻፈ በጥንቃቄ መመልከት ተገቢ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ፓስፖርት ማውጣት የቻለችው እ.ኤ.አ. የካቲት 1938 በወጣው ሕግ ነው። ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ብቻም አይደለም፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ሴቶች ያለ ወንድ አሳዳጊ ፈቃድ ፓስፖርት እንዲያወጡና እንዲጓዙ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ነው።

ከስም ባሻገር ዜግነትም ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን እንድታጣ ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ሕግ ይህን በከፊል አስተካክሏል። በብሪታኒያም ተመሳሳይ ድንጋጌ እስከ 1948 የዜግነት ሕግ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት ተወልዳ ባደገችበት አገር የምትኖር ሴት የሌላ አገር ፓስፖርት ይዛ ብትገኝ ሊያስገርም አይገባም። አንድ ሰብሳቢ የአንዲትን ሴት ሁለት ፓስፖርቶች በሁለት የተለያዩ ዜግነቶች ሲያገኝ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ ከመደምደሙ በፊት የጋብቻዋን ዘመን ቢመረምር ይመረጣል።

በተለየ ጥንቃቄ ሊያዙ የሚገባቸው በናዚ ጀርመን ዘመን የወጡ የአይሁዳውያት ፓስፖርቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1938 በወጣና ከጥር 1 ቀን 1939 ጀምሮ በተፈጻሚነት ላይ በዋለ ድንጋጌ መሠረት አይሁዳውያት «ሣራ» የሚል ተጨማሪ ስም እንዲይዙ ተገድደዋል፤ በጥቅምት 1938 ደግሞ ፓስፖርታቸው ተሰርዞ በቀይ ቀለም «ዮት» የሚለው የጀርመንኛ ፊደል እንዲታተምበት ተደርጓል። በእነዚህ ሰነዶች ላይ «ሣራ» የሚለውን ስም የባለሰነዷ ስም አድርጎ መመዝገብ የግዳጁን ድርጊት መድገም ስለሚሆን፣ በመዝገብ ላይ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም አስቀድሞ፣ በግድ የተጨመረውን ደግሞ በግድ የተጨመረ መሆኑን ገልጾ መጻፍ ያስፈልጋል።

በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁሮች በገዛ አገራቸው ከቦታ ወደ ቦታ ለመንቀሳቀስ የይለፍ ደብተር እንዲይዙ ያስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ በሴቶች ላይ እንዲሰፋ በተደረገ ጊዜ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 ወደ 20 ሺሕ የሚጠጉ ሴቶች በፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ ተሰልፈዋል። ድምፃዊት ሚሪያም ማኬባ እ.ኤ.አ. በ1960 እናታቸውን ለመቅበር ወደ አገራቸው ለመመለስ በፈለጉበት ጊዜ ፓስፖርታቸው ተሰርዞ አግኝተውታል፤ ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች ፓስፖርት ይጓዙ የነበሩት እኒህ ድምፃዊት እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ላይ ዘፍነዋል። «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ሰነድ በገበያ ላይ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል። ለታሪክ ግን ያ ማኅተም ከሌሎቹ ማኅተሞች ሁሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የኢትዮጵያውያት ሰነዶች አነባበብ

የኢትዮጵያ ሰነዶች በስም ረገድ ከላይ ከተገለጹት ይለያሉ። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀጥል፣ ከጋብቻ በፊትና በኋላ የወጡ ሰነዶቿ በአንድ ስም ይገኛሉ። ለውጡ የሚታየው «ወይዘሪት» የነበረው «ወይዘሮ» ሲሆን ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰነዱ በውጭ አገር ባለሥልጣን ሲዘጋጅ ነው፤ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይወሰዳል ወይም የባሏ ስም ይታከልባታል፣ የስሟም አጻጻፍ በላቲን ፊደል ከሰነድ ሰነድ ይለያያል። ስለዚህ የአማርኛው አጻጻፍ ባለበት ሁሉ እርሱን መሠረት ማድረግ ይገባል።

በዜግነት ረገድ በሐምሌ ወር 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት በጋብቻው የባሏን ዜግነት የምታገኝ ከሆነ ኢትዮጵያዊ ዜግነቷን እንደምታጣ ይደነግግ ነበር። ይህ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 እስከ ተተካበት ጊዜ ድረስ በሥራ ላይ ቆይቷል። የውጭ አገር ሰው አግብታ የኖረች አያት በሌላ አገር ፓስፖርት ወደ ትውልድ አገሯ በቪዛ ስትገባ የሚያሳይ ማኅተም የሚያጋጥማቸው ቤተሰቦች ምክንያቱን በዚህ ሕግ ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ።

ቀንን በሚመለከት የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከመስከረም ወር መባቻ እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ከአውሮፓውያን በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ ሁለቱን አቆጣጠሮች ሳይለዩ ማንበብ የባለሰነዷን ዕድሜና የጉዞዋን ቅደም ተከተል ያዛባል። በአንዳንድ አሮጌ ሰነዶች ላይ ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ቀኑ የደበዘዘ እንደሆነ በሽፋኑ ላይ ያለው የመንግሥት ስምና ዓርማ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ የደርግ፣ ከመስከረም 1980 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ስሞች በየዘመናቸው ይለያሉ። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት ፓስፖርት ብቻ በቂ ስላልነበረ የመውጫ ቪዛ ማኅተም መፈለግ ይገባል። ፓስፖርት ያላት፣ ነገር ግን የመውጫ ቪዛ ያልተመታላት ሴት ጉዞዋ የተሰናከለ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ገጾችም እንግዲህ ታሪክ አላቸው።

ሰነድ የሌለበት ጉዞም እንዳለ መዘንጋት የለበትም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩና በፒያኖ ድርሰቶቻቸው የሚታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከዋል። በጠላት ወረራ ዘመን ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት በግዞት ተወስደዋል። የመጀመሪያው በፈቃድ የተደረገ፣ ሁለተኛው በእስር የተፈጸመ ጉዞ ነው። ወይዘሮ ስንዱ በኋላ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም በኢየሩሳሌም ኖረው በ2015 ዓ.ም. እዚያው ዐርፈዋል። የእንዲህ ዓይነት ሰዎችን የሕይወት ጉዞ በፓስፖርት ማኅተም ብቻ ለመከተል የሚሞክር ሰብሳቢ የግዞቱን ዘመን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ደብዳቤና ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

ዛሬ በአንጻሩ እጅግ በቀላሉ እየጠፉ ያሉት ሰነዶች የቅርብ ጊዜዎቹ ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከእነዚህ መካከል በቤት ሠራተኝነት ሄደው የነበሩ ሴቶች ይገኙበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኞች ፓስፖርት በአሠሪ እጅ መያዙ የተለመደ ችግር ስለሆነ፣ ፓስፖርቱ በእጇ ያልነበረ ተመላሽ የምትገባው በሊሴ ፓሴ ነበር። ይህ ወረቀት ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግልና ማራኪ ገጽታ የሌለው በመሆኑ ሰብሳቢ አይፈልገውም፤ ባለሰነዷም ብትጥለው አይፈረድባትም። ሆኖም ከ50 ዓመት በኋላ የዚህን ዘመን የሴቶች ስደት የሚያጠና ሰው ቆዳ ለበስ ከሆነው ፓስፖርት ይልቅ የሚፈልገው ይህንኑ ወረቀት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሊሴ ፓሴው በእጃቸው የሚገኝ እኅቶች ሊያስቀምጡት ከወደዱ፣ በጀርባው ሳይሆን በሌላ ወረቀት ላይ የሄዱበትን ከተማ፣ የቆዩበትን ዘመንና የተመለሱበትን ቀን ጽፈው አብረው እንዲያኖሩት ይመከራል።

ከመያዝ፣ ከመሸጥና ከአገር ከማውጣት በፊት

የአገልግሎት ጊዜው ያላበቃ ፓስፖርት የስብስብ ዕቃ አይደለም። በሌላ ሰው ስም የወጣና ጸንቶ ያለ ፓስፖርት መግዛት፣ መሸጥ ወይም መያዝ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ከዚህም በላይ በብዙ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካና በብሪታኒያ፣ ፓስፖርት የሰጪው መንግሥት ንብረት ነው። ጊዜው ያለፈበት እንኳ ቢሆን በቅርብ ዓመታት የወጣ ሰነድ ባለሰነዷ በሕይወት የመኖሯን ዕድል ስለሚያሰፋ ሊሸጥ አይገባውም። የሟች እናት የኢትዮጵያ ፓስፖርት በእጃቸው የሚገኝ ወራሾች ሰነዱ ገና ያላበቃ ከሆነ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት አሳውቀው፣ ተሰርዞ ለመታሰቢያነት ሊመለስላቸው ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ደላላ «እኔ ላስጨርስላችሁ» ብሎ ሰነዱን ቢጠይቅ መስጠት አይገባም።

አሮጌ የሆነ ሰነድ ሁሉ ቅርስ ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰነድ ቅርስ መሆኑን የሚወስነው ሥልጣን የተሰጠው አካል ሲሆን፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል ይዞታ ያሉ ቅርሶችን አመዘጋገብና አጠባበቅ እንዲሁም ከአገር ስለ ማውጣት ይደነግጋል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የአያታቸውን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ሰነድ በሻንጣቸው ይዘው ለመሄድ ሲያስቡ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚቸገሩ አስቀድመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ቢያማክሩ ጉዳዩ ያጥራል። ዋናውን በአገር ውስጥ ላለ ዘመድ ትቶ ጥራት ያለው ቅጂ ይዞ መሄድም አንድ አማራጭ ነው።

በግዢ ጊዜ ሊጤኑ የሚገባቸው

በአዲስ አበባ የአሮጌ ገንዘብ፣ የቴምብርና የመታሰቢያ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ አልፎ አልፎ አሮጌ ፓስፖርት ይገኛል። ገዢው ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሰነዱ ከየት እንደ መጣ ነው። ሻጩ ከማን እንደ ገዛው፣ ከየትኛው ከተማ እንደ መጣና ከምን ከምን ዕቃ ጋር እንደ ተገኘ የሚሰጠው መልስ ወዲያውኑ ከቀኑ ጋር ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ የባለሰነዷን ቤተሰብ ለማግኘት ያስችላል። መልስ የሌለው ሰነድ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ማለፍ ይሻላል።

ትክክለኛነቱን ለማጣራት በፎቶግራፉ ላይ ያረፈው ማኅተም ከፎቶው ወደ ወረቀቱ ሳይቋረጥ ማለፉን፣ የገጾቹ ቁጥር የተሟላ መሆኑን፣ የስፌቱ ክር አለመነካቱንና የማኅተሞቹ ቀኖች ከሰነዱ የአገልግሎት ዘመን ጋር መስማማታቸውን ማየት ይበቃል። ከባልና ሚስት ሰነዶች የሚስት ፎቶግራፍ ተነቅሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ የሙጫው ምልክትና ግማሹ ማኅተም በቦታው ስለሚቀር ፎቶው እንደነበረ መለየት ይቻላል። በመንግሥታት ማኅበር ዘመን ለስደተኞች ይሰጥ በነበረው የናንሰን ፓስፖርት ላይም የሚለጠፈው ቴምብር በቴምብር ሰብሳቢዎች ስለሚፈለግ ከሰነዱ ተላጥቶ ለብቻው ይሸጣል። ይህ ሊበረታታ የማይገባው ንግድ ነው። ቴምብሩ ብዙ ተመሳሳይ አለው፤ የተላጠበት ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ ስለ አንዲት ስደተኛ የቀረ ብቸኛ ወረቀት ነው።

ስለ ባለሰነዷ ተጨማሪ መረጃ ለማግኘት የማመልከቻ መዝገቦች ይጠቅማሉ። ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ1795 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. የቀረቡ የፓስፖርት ማመልከቻዎችን ይዟል፤ በማመልከቻው ላይ የጉዞው ዓላማና የመልክ መግለጫ ሰፍሮ ስለሚገኝ በፓስፖርቱ ላይ «ሚስት» ተብላ ብቻ የተጠቀሰችን ሴት በስሟ ለማወቅ ያስችላል።

የባለሰነዷ ክብርና የግል መረጃ

ፓስፖርት የትውልድ ቀንን፣ አድራሻን፣ የመልክ ምልክትንና ፊርማን የያዘ ነው። የሰነዱን ፎቶ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የሚያጋሩ ሰብሳቢዎች ባለሰነዷ ወይም ልጆቿ በሕይወት ሊኖሩ እንደሚችሉ ሊያስቡ ይገባል። የሰነዱን ቁጥር፣ ፊርማውንና አድራሻውን ሸፍኖ ማሳየት ያልተጻፈ ጨዋነት ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው መረጃ ሲሆን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለ ማስታወስ ያስፈልጋል። የባለሰነዷ ቤተሰብ ተገኝቶ ሰነዱን ቢጠይቅ፣ ቢያንስ የተሟላ ቅጂ መስጠት ይገባል። ሰነዱን በገዙበት ዋጋ ለቤተሰቡ የሚመልሱ ሰብሳቢዎች መልካም አድርገዋል።

አጠባበቅ

አሮጌ ወረቀት ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው፤ በክረምት ወራት ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፓስፖርት ሻጋታ ያበቅላል። ሰነዱ ከመሬት ከፍ ባለ፣ ደረቅና ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይመረጣል። በገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ለስላሳ የፕላስቲክ ሽፋኖች ፒቪሲ የተባለው ዓይነት በመሆናቸው ከጊዜ በኋላ ቀለሙን እየላጡ ይወስዳሉ። ላሚኔት ማስደረግ ደግሞ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ነው። የተቀደደን ገጽ በስኮች ፕላስተር መለጠፍ፣ የደበዘዘን ጽሑፍ በእስክሪብቶ ማድመቅ፣ የማኅተም ቀለም ያለበትን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አይገባም። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ ካለ በጥንቃቄ ይነሣ፤ ናፍታሊን ከሰነዱ ጋር በአንድ መያዣ አይቀመጥ። መለያ መጻፍ የሚያስፈልግ ከሆነ በመጠቅለያው ላይ በእርሳስ ይጻፍ። ከማንኛውም ሥራ በፊት ግን ሁሉም ገጾች፣ ባዶዎቹም ጭምር፣ ያለ ፍላሽ ፎቶግራፍ ይነሡ።

ለተቋም ማስረከብ

ሰነዱን በቤት ለማቆየት የማይችሉ ቤተሰቦች ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመስጠት ፍላጎታቸውን በደብዳቤ ማቅረብ ይችላሉ። ተቋማት የቀረበላቸውን ሁሉ የመቀበል ግዴታ ስለሌለባቸው፣ በደብዳቤው የባለሰነዷን ሙሉ ስም፣ የሰነዱን ዓይነትና ዘመን፣ አብረው የሚገኙ ፎቶግራፎችንና ደብዳቤዎችን መግለጽ ውሳኔውን ያፋጥናል። በርክክቡ ጊዜ በሁለት ቅጂ የተፈረመ የርክክብ ሰነድ መቀበል፣ ስብስቡ በባል ወይም በለጋሽ ስም ሳይሆን በባለሰነዷ ስም እንዲመዘገብ መጠየቅ፣ ለሕዝብ ክፍት እንዳይሆን የሚፈለግ ገጽ ካለም እስከ ስንት ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ እንደሚፈለግ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል።